ተጠቂ ወይስ ተጠርጣሪ? ባንኮች ሕጋዊ ዓለም አቀፍ የገንዘብ ዝውውርን ሲያግዱ ላኪው መልስ የማግኘት መብቱ

አጽሕሮት

ባንኮች ማጭበርበርንና ሌሎች የገንዘብ ወንጀሎችን ለመከላከል በሚያካሂዱት ማጣራት ሕጋዊ የሆነ ዓለም አቀፍ የገንዘብ ዝውውርም አብሮ ይታገዳል። ይህ ጽሑፍ የእንግሊዝን ሕግና የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ዋና ማሳያ አድርጎ፣ እገዳው ከሦስት የተለያዩ ምክንያቶች እንደሚመነጭና ሦስቱም ለላኪው ሊሰጥ በሚችለው መልስ እንደሚለያዩ ያሳያል። የጽሑፉ ዋና ክርክር፣ ሕጉ ለአንዱ ምክንያት ብቻ የደነገገው ዝምታ ወደ ሌሎቹም ተስፋፍቶ የስህተቱን ዋጋ በንጹሑ ላኪና በተቀባዩ ላይ ጥሏል የሚል ነው። በመጨረሻም ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ያለውን ትርጉም ይመረምራል። በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

ለንደን ውስጥ በነርስነት የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት ደሴ ለምትኖር እናቷ የቀዶ ሕክምና ክፍያ እንዲሆን 4,000 ፓውንድ ከባንክ ሒሳቧ ላከች እንበል። ገንዘቡ ከደመወዟ የተጠራቀመ ነው፤ የተቀባይዋም ማንነት አያጠያይቅም። በማግስቱ ገንዘቡ ከላኪዋ ሒሳብ ተቀንሷል፤ ደሴ ግን አልደረሰም። ወደ ባንኩ ስትደውል የምታገኘው መልስ «በማጣራት ላይ ነው» የሚል ብቻ ነው። ምን እንደሚጣራ፣ የሚያጣራው ማን እንደሆነ፣ ምን ማስረጃ ብታቀርብ እንደሚጠቅም፣ መልሱ መቼ እንደሚመጣ የሚነግራት የለም። የእናቷ የሕክምና ቀጠሮ ግን ቀን ተቆርጦለታል።

ይህ ለማሳያ የቀረበ ምሳሌ ነው። ይሁንና በምሳሌው ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ደረጃ በሥራ ላይ ካለው የባንክ አሠራርና ሕግ የተወሰደ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚቀርበው የተለመደ አስተያየት ሁለት መልክ አለው። አንዱ ባንኮችን ግድ የለሽ አድርጎ ይከሳል፤ ሌላው ደግሞ እገዳው ለደንበኛው ጥቅም የሚደረግ በመሆኑ መታገሥ ይገባል ይላል። ሁለቱም አስተያየቶች አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ያልፋሉ። ጥያቄውም፦ ባንኩ ላኪዋን ያገዳት ማን ናት ብሎ ነው? የወንጀል ተጠቂ ልትሆን ነው ብሎ ሰግቶ ነው ወይስ ራሷን ተጠርጣሪ አድርጎ? ሕጉ ለእነዚህ ሁለት ሁኔታዎች የሚሰጠው መልስ የተለያየ ነው። በባንኩ መስኮት ወይም በስልክ የሚሰጠው መልስ ግን አንድ ዓይነት ሆኗል።

2. ሦስቱ የማጣሪያ በሮች

ከለንደን ወደ ደሴ የሚላክ ገንዘብ በአካል አይጓዝም። የሚጓዘው በአብዛኛው በስዊፍት የመልእክት መረብ የሚተላለፍ የክፍያ ትእዛዝ ነው። ላኪው ባንክ ከተቀባዩ ባንክ ጋር ቀጥተኛ የሒሳብ ግንኙነት ከሌለው ትእዛዙ ኮረስፖንደንት ባንክ በሚባል አገናኝ ባንክ በኩል ያልፋል። ክፍያው በዶላር ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአሜሪካ ባንኮች በኩል ይወራረዳል። በመንገዱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ማጣሪያ ያካሂዳል። ማጣሪያዎቹ በዓላማቸው ሲታዩ በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው የማጭበርበር ማጣሪያ ነው። እዚህ ላይ የባንኩ ስጋት ደንበኛው ተታልሎ ገንዘቡን ለአጭበርባሪ እንዳይልክ፣ ወይም ሌላ ሰው የደንበኛውን ሒሳብ ሰብሮ ገብቶ እንዳይሆን ነው። በዚህ በር ላይ ደንበኛው በባንኩ ዓይን ተጠቂ ነው። ስጋቱን ለማስወገድ የሚቻለውም ከራሱ ከደንበኛው ጋር በመነጋገር ነው።

ሁለተኛው በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን ለመከላከል የሚካሄደው ማጣሪያ ነው። እዚህ ላይ የገንዘቡ ምንጭ ራሱ ያጠራጥራል፤ ደንበኛውም በባንኩ ዓይን ተጠርጣሪ ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝ በ2002 የወጣው ከወንጀል የተገኘ ሀብት ሕግ ባንኩ ጥርጣሬውን ለመንግሥት ባለሥልጣን እንዲያሳውቅና ፈቃድ ሳያገኝ ክፍያውን እንዳይፈጽም ያስገድደዋል። ባለሥልጣኑ መልስ የሚሰጥበት 7 የሥራ ቀን አለው። ከከለከለ ክፍያው ለተጨማሪ 31 ቀናት ታግዶ ይቆያል፤ በ2017 በወጣው ማሻሻያ መሠረት ደግሞ ፍርድ ቤት ይህን ጊዜ ደረጃ በደረጃ በድምሩ እስከ ተጨማሪ 186 ቀናት ሊያራዝመው ይችላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ባንኩ ሪፖርት ማድረጉን ለደንበኛው ማሾለክ፣ ምርመራውን የሚጎዳ ከሆነ፣ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ሦስተኛው የማዕቀብ ማጣሪያ ነው። ኮምፒዩተሩ የላኪውንና የተቀባዩን ስም በተባበሩት መንግሥታት፣ በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በሌሎች አካላት የማዕቀብ ዝርዝሮች ውስጥ ካሉት ስሞች ጋር ያመሳክራል። እዚህ ላይ ደንበኛው ተጠቂም ተጠርጣሪም አይደለም። ጥያቄው ስሙ የተመሳሰለው ሰው እርሱ ራሱ ነው ወይስ ሞክሼው የሚል ነው። የትውልድ ቀን፣ የትውልድ ቦታና ዜግነት ከተገለጸ ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ መልስ ያገኛል።

እነዚህ ሦስት በሮች ለባንኩ ሠራተኛ የተለያዩ ክፍሎች ናቸው። ለላኪዋ ነርስ ግን ሦስቱም አንድ የተዘጋ በር ሆነው ይታያሉ።

3. ስህተቱ ለምን አይቀሬ ሆነ?

ማጣሪያው ሕጋዊ ዝውውርን ማገዱ የሠራተኛ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ከስሌቱ ባሕርይ ይመነጫል። ይህን በታሰቡ ቁጥሮች ማሳየት ይቻላል። አንድ ባንክ በዓመት 1,000,000 ዝውውሮችን ያስተናግዳል እንበል። ከእነዚህ ውስጥ ከሺህ አንዱ፣ ማለትም 1,000ዎቹ፣ የማጭበርበር ውጤት ናቸው። የማጣሪያው ሥርዓት ከመጥፎዎቹ 95 በመቶውን ይይዛል፤ ከጥሩዎቹ ደግሞ 2 በመቶውን ብቻ በስህተት ያግዳል። በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ጥሩ ሥርዓት ነው። ውጤቱ ሲሰላ ግን የተያዙት መጥፎ ዝውውሮች 950፣ በስህተት የታገዱት ሕጋዊ ዝውውሮች ደግሞ 19,980 ይሆናሉ። ከታገዱት 20,930 ዝውውሮች ውስጥ እውነተኛ ማጭበርበር ያለባቸው 4.5 በመቶ ያህሉ ናቸው ማለት ነው። መጥፎው ነገር ብርቅ በሆነበት ቦታ ሁሉ ትንሽ የስህተት መጠን ብዙ ንጹሓንን ይይዛል። ስለዚህ የታገደ ሰው ጥፋተኛ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው ብሎ መነሣት በራሱ የስሌት ስህተት ነው።

ይህ ስህተት በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም። የስም ማመሳከሪያ ሥርዓቶች በአብዛኛው የተሠሩት የግል ስምና የቤተሰብ ስም በሚለይበት የአሰያየም ልማድ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ግን ሰው የሚጠራው በራሱ ስም፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። እናትና ልጅ፣ ባልና ሚስት አንድ የሚያደርጋቸው የቤተሰብ ስም የላቸውም። በምሳሌው ውስጥ ያለችው ነርስ ለእናቷ የላከችው ገንዘብ ለማሽኑ ዝምድና በሌላቸው ሁለት ሰዎች መካከል የተደረገ ትልቅ ክፍያ ሆኖ ይታየዋል። «ለእናቴ ነው» የሚለው ቃሏም ከስሞቹ ማረጋገጫ አያገኝም።

በዚህ ላይ የፊደል ጉዳይ ይጨመራል። የግእዝ ፊደልን ወደ ላቲን ፊደል ለመገልበጥ በፓስፖርት፣ በባንክና በሆስፒታል ወጥ ሆኖ የሚሠራበት አንድ ሥርዓት የለም። «ቀ» በአንዱ ዘንድ በ«ኬ»፣ በሌላው ዘንድ በ«ኪው» ይጻፋል። «ጸ» በሁለት ሆሄያት ሲጻፍ አንዳንዴ ደግሞ ከ«ሰ» ሳይለይ ይቀራል። ሳድሱ አንዴ አናባቢ ይጨመርለታል፤ አንዴ ይዋጣል። እንደ ገብረ እግዚአብሔር፣ ወልደ ማርያምና ኃይለ ሥላሴ ያሉት ጥምር ስሞች ደግሞ ተነጣጥለው ሲጻፉ ማሽኑ ሁለት ስም አድርጎ ያነባቸዋል፤ የአባት ስም የነበረውም ወደ ሦስተኛው ቦታ ይገፋል። የላኪዋ ባንክ የጻፈው የተቀባይ ስም ከደሴው የባንክ ደብተር ጋር በአንድ ሆሄ ሲለያይ ዝውውሩ ለመቆሙ በቂ ምክንያት ይሆናል። በሙስሊም ኢትዮጵያውያን ዘንድ ሸክሙ ይበልጥ ይከብዳል። መሐመድ፣ አሕመድና ዐሊን የመሰሉ በዓለም ዙሪያ የተለመዱ ስሞች በማዕቀብ ዝርዝሮችም ውስጥ በብዛት ስለሚገኙ የመመሳሰሉ ዕድል ሰፊ ነው።

4. የስህተቱን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?

ባንክ በሁለት አቅጣጫ ሊሳሳት ይችላል፦ መጥፎውን ማሳለፍ ወይም ጥሩውን ማገድ። ሁለቱ ስህተቶች ለባንኩ የሚያስከትሉት ውጤት ግን የተራራቀ ነው። በ2012 የተፈጸሙ ሁለት ክስተቶች ይህን በግልጽ ያሳያሉ።

የመጀመሪያው የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ኤችኤስቢሲ በተባለው ባንክ የግል ባንክ ክፍል ሒሳብ የነበረው አንድ በዚምባብዌ የሚኖር ነጋዴ ከ2006 መገባደጃ ጀምሮ ያዘዛቸው ዝውውሮች ባንኩ ጥርጣሬ አድሮብኛል ብሎ ለባለሥልጣን ሪፖርት በማድረጉ ዘገዩበት። ከነዚህ አንዱ ለቀድሞ ሠራተኛው የሚከፈል አነስተኛ ገንዘብ ነበር። የመዘግየቱ ወሬ ዚምባብዌ ደረሰ፤ ነጋዴው የገንዘብ ወንጀል ተጠርጣሪ ነው ተባለ፤ የአገሪቱ ባለሥልጣናትም ንብረቱን አገዱ። ነጋዴው ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጉዳት ደርሶብኛል ሲል ከሰሰ። በ2010 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ባንኩ እውነተኛ ጥርጣሬ እንደነበረው በችሎት የማስረዳት ሸክም አለበት ሲል ለደንበኛው የሚበጅ ነጥብ አስመዘገበ። ሆኖም በሜይ 2012 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ማስረጃውን ሰምቶ ክሱን ውድቅ አደረገ። ጥርጣሬው እውነተኛ እስከሆነ ድረስ ባንኩ ለመዘግየቱም፣ ምክንያቱን ላለመግለጹም ተጠያቂ አይሆንም ተባለ። በእንግሊዝ ሕግ ለጥርጣሬ የሚያስፈልገው መለኪያም ዝቅተኛ ነው፤ ከባዶ ምናብ ያለፈ፣ ሊሆን ይችላል የሚያሰኝ ነገር መኖሩ ይበቃል።

ሁለተኛው ክስተት በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር የተፈጸመ ነው። የዚሁ ባንክ ቡድን አባል የሆኑ ሌሎች ድርጅቶች በአሜሪካና በሜክሲኮ የቁጥጥር ጉድለት አሳይተው የአደንዛዥ ዕፅ ገንዘብ እንዲያልፍ በማድረጋቸው፣ ቡድኑ ለአሜሪካ መንግሥት 1.9 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለመክፈል ተስማማ። ሁለቱ ጉዳዮች በፍሬ ነገርም በሕግም የማይገናኙ ናቸው። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ለባንክ ሥራ አስኪያጅ የሚያስተላልፉት መልእክት ግልጽ ነው፤ ማገድ ምንም አያስከፍልም፤ ማሳለፍ ቢሊዮኖችን ያስከፍላል። በዚህ ሚዛን ላይ የተቀመጠ ጠንቃቃ ባንክ ሲጠራጠር ሁልጊዜ ወደ ማገድ ማዘንበሉ የሚጠበቅ ነው።

ከማጭበርበር ጋር በተያያዘም ሕጉ በቅርቡ ቢሻሻልም ዓለም አቀፉን ዝውውር ወደ ጎን ትቶታል። በጁላይ 2023 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በባርክሌይስ ባንክ ጉዳይ አንድ ጠቃሚ ውሳኔ ሰጠ። አንዲት ደንበኛ በአጭበርባሪዎች ተታላ በ2018 በሁለት ክፍያ 700,000 ፓውንድ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ወዳሉ ሒሳቦች ልካ ነበር። ባንኩ ሊያስቆመኝ ይገባው ነበር ስትል ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ የባንክ ቀዳሚ ግዴታ ደንበኛው ራሱ የሰጠውን ግልጽ ትእዛዝ ሳይዘገይ መፈጸም ነው፤ የትእዛዙን ጥበብ መመርመር የባንኩ ሥራ አይደለም ሲል ወሰነ። በመርሕ ደረጃ ይህ ውሳኔ ለነርሷ የሚበጅ ይመስላል፤ የደንበኛ ትእዛዝ ይከበር የሚል ነውና።

ከዚህ በኋላ ግን በኦክቶበር 2024 ሁለት ሕጎች ሥራ ላይ ዋሉ። አንደኛው በአገር ውስጥ የክፍያ መረብ ተታልለው ገንዘብ ለላኩ ደንበኞች ባንኮች እስከ 85,000 ፓውንድ እንዲተኩ፣ ወጪውንም የላኪውና የተቀባዩ ባንክ እኩል እንዲካፈሉ ያስገድዳል። ሁለተኛው ባንኩ ደንበኛው ተታልሏል ብሎ ለመጠርጠር ምክንያታዊ መሠረት ሲኖረው ክፍያውን እስከ አራተኛው የሥራ ቀን መጨረሻ እንዲያዘገይ ይፈቅዳል። ይህ ሁለተኛው ሕግ ሚዛናዊ ነው። ባንኩ መዘግየቱን፣ ምክንያቱንና ከደንበኛው የሚፈለገውን መረጃ እንዲያሳውቅ፣ በመዘግየቱ ምክንያት የሚመጣውን ወለድና ቅጣትም እንዲሸከም ያዛል። ነገር ግን የሚሠራው ሙሉ በሙሉ በአገሪቱ ውስጥ በፓውንድ ለሚፈጸም ክፍያ ብቻ ነው። ገንዘብ ወደ ኢትዮጵያ ሲላክ ይህ ጥበቃ የለም፤ ለአገር ውስጥ ክፍያ የተደነገገው የአንድ የሥራ ቀን የማድረሻ ገደብም አይሠራም። ስለዚህ ለጎረቤቷ የላከችው 4,000 ፓውንድ ቢዘገይ ኖሮ ነርሷ ቀነ ገደብና ምክንያት ይኖራት ነበር። ለእናቷ የላከችው ሲዘገይ ግን ያለ ቀነ ገደብ ትጠብቃለች።

5. ዝምታው ከሕጉ በላይ ሲሰፋ

ከላይ እንደታየው ሕጉ ዝምታን ያዘዘው ለሁለተኛው በር ብቻ ነው። ለዚያም ቢሆን ገደብ አለው፤ የሚከለከለው ሪፖርት መደረጉን ወይም ምርመራ መኖሩን ምርመራውን በሚጎዳ መንገድ ማሾለክ ነው። ለመጀመሪያው በር ዝምታ የዓላማው ተቃራኒ ነው። ተታልሏል ተብሎ የተሰጋ ደንበኛን ምን እንደተሰጋለት ሳይነግሩ መጠበቅ አይቻልም። እንዲያውም የ2017 የክፍያ አገልግሎቶች ደንብ ባንኩ ትእዛዝን አልፈጽምም ሲል ውሳኔውንና፣ ሕግ እስካልከለከለው ድረስ፣ ምክንያቱን እንዲያሳውቅ ያዛል። ለሦስተኛው በርም ቢሆን የትውልድ ቀን ወይም የመታወቂያ ቅጂ መጠየቅን የሚከለክል ነገር የለም።

ታዲያ ዝምታው ለምን ወደ ሦስቱም ተስፋፋ? አንደኛው ምክንያት የአሠራር ነው። ስልክ የሚያነሣው ሠራተኛ ዝውውሩ በየትኛው በር እንደቆመ ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይደረግም። የማያውቅ ሠራተኛ ደግሞ ከመናገር ዝም ማለት ይቀለዋል፤ ተናግሮ ቢሳሳት ወንጀል ሊሆንበት ይችላልና። ሁለተኛው ምክንያት የሰንሰለቱ ርዝመት ነው። ክፍያው የቆመው በኮረስፖንደንት ባንክ ከሆነ ላኪው ባንክ ራሱ ምክንያቱን ላያውቅ ይችላል፤ ከኮረስፖንደንት ባንኩ ጋር የውል ግንኙነት የሌላት ላኪ ደግሞ በቀጥታ መጠየቅ አትችልም።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችለው ጠንካራ ተቃውሞ የሚከተለው ነው። በማጭበርበርና በስም መመሳሰል ለታገዱት ሁሉ ምክንያቱ ቢነገር፣ ምክንያት ያልተነገረው ሰው በወንጀል እንደተጠረጠረ ወዲያው ይገባዋል። ዝምታው ራሱ ይናገራል። ስለሆነም ሪፖርትን ምስጢር ለማድረግ ለሁሉም ዝም ማለት ያስፈልጋል የሚል ነው። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ሙሉ በሙሉም አይወገድም። ሆኖም ከእርሱ የሚከተለው ሁሉንም በዝምታ ማስተካከል ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም በአንድ አነስተኛ መልስ ማስተካከልም ይቻላል። ይህ መልስ አራት ነገሮችን ብቻ ይይዛል፦ ክፍያው መቆሙን፤ በላኪው ባንክ ወይስ ከእርሱ በኋላ ባለ ባንክ መቆሙን፤ ደንበኛው በፈቃዱ ሊያቀርባቸው የሚችሉ ሰነዶችን፣ ለምሳሌ የደመወዝ ማስረጃ፣ የሆስፒታል ደረሰኝ፣ የተቀባይ መታወቂያ፤ እንዲሁም ቀጣዩ መልስ የሚሰጥበትን ቀን። ከአራቱ አንዱም በየትኛው በር እንደቆመ አያሳውቅም። ባንኮች ከማንም ደንበኛ ሰነድ የሚጠይቁበት አሠራር ያለ በመሆኑም ሰነድ መጠየቅ ብቻውን ጥርጣሬን አያጋልጥም።

ሌላው ተቃውሞ አጭበርባሪዎች ተጠቂዎቻቸውን ለባንክ ምን ብለው እንደሚዋሹ ስለሚያሠለጥኑ ንግግር አይጠቅምም የሚል ነው። ይህም እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ከቃል ይልቅ በሰነድ ላይ የተመሠረተ መልስ የሚፈለገው በዚሁ ምክንያት ነው። የተሠለጠነ ተጠቂ ታሪክ ሊያወራ ይችላል፤ ባንኩ ደውሎ የሚያረጋግጠው የሆስፒታል ደረሰኝ ማምጣት ግን ይከብደዋል።

6. ማጣራት ሲወደድ፦ የሶማሊያ ሐዋላ

እያንዳንዱን ዝውውር ማጣራት ውድ ሲሆን ባንኮች ሌላ መንገድ አላቸው፤ በሩን ጨርሶ መዝጋት። በ2013 ባርክሌይስ ባንክ በርካታ የሐዋላ ድርጅቶችን ሒሳባቸውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከእነዚህ አንዱ በሶማሊያና በአካባቢዋ ሰፊ ሥራ የነበረው ዳሃብሺል ነው። በዚያን ጊዜ ወደ ሶማሊያ በየዓመቱ የሚላከው ሐዋላ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚሆን ይገመት ነበር፤ በአገሪቱም ይህን ሊተካ የሚችል የባንክ ሥርዓት አልነበረም። በኖቬምበር 2013 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩ እስኪታይ ሒሳቡ እንዳይዘጋ ጊዜያዊ ትእዛዝ ሰጠ። በቀጣዩ ዓመት ግን ሁለቱ ወገኖች በስምምነት ተለያዩ፤ ድርጅቱም ሌላ የባንክ መንገድ ፈለገ።

ከጉዳዩ የሚወሰደው ትምህርት ትእዛዙ በተሰጠበት ሕግ ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ ትእዛዙን የሰጠው ሐዋላ ላኪዎች ወይም ተቀባዮች መብት አላቸው በሚል አልነበረም፤ በገበያ ላይ የበላይነት ያለው ባንክ በውድድር ሕግ ሊጠየቅ ይችላል በሚል ነበር። በሞቃዲሾ ወይም በሐርጌሳ ገንዘቡን የሚጠብቁት ሰዎች በክርክሩ ውስጥ የራሳቸው ቦታ አልነበራቸውም። በነርሷ ጉዳይ የታየው ክፍተት በዚህም በሰፊው ይታያል፤ የእገዳው ጉዳት ከሁሉ በላይ የሚደርስበት ወገን ሕጉ ከማይሰማቸው ወገኖች አንዱ ነው።

7. ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ በሁለት ወገን ትገኛለች። በአንድ ወገን ተቀባይ ናት። የፋይናንስ እርምጃ ግብረ ኃይል የተባለው ዓለም አቀፍ አካል ከፌብሩዋሪ 2017 እስከ ኦክቶበር 2019 ኢትዮጵያን የቁጥጥር ጉድለት ካለባቸው አገሮች ተርታ መድቧት ነበር። የአውሮፓ ኅብረትም በ2018 ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ በ2020 አውጥቷታል። አገር በእንዲህ ዓይነት ዝርዝር ውስጥ ስትገባ የውጭ ባንኮች ከእርሷ ጋር የተያያዘውን ግብይት ሁሉ በጠበቀ ጥንቃቄ እንዲመረምሩ ይገደዳሉ። የመንግሥት ተቋማት ጉድለት ዋጋ በዚህ መንገድ ለእናቱ ገንዘብ በሚልክ ግለሰብ ላይ ያርፋል።

በሌላ ወገን ኢትዮጵያ ራሷ ሕግ አውጪ ናት። አዋጅ ቁጥር 780/2005 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን ለመከላከል ባንኮች አጠራጣሪ ግብይትን እንዲያሳውቁ፣ ማሳወቃቸውንም እንዲደብቁ ያዝ ነበር። ይህ ከግብረ ኃይሉ 20ኛና 21ኛ ምክረ ሐሳቦች ጋር የሚስማማ ነበር። የአገር ውስጥ ባንኮች የዲጂታል ክፍያ ማጭበርበርን ለመከላከል የየራሳቸውን ማጣሪያ በሚያስፋፉበት በዚህ ወቅት ሁለቱ በሮች እንደ እንግሊዙ አሠራር ከወዲሁ እንዳይደባለቁ መጠንቀቅ ይቻላል።

በተግባር ሁለት ነገሮች ቅርብ ናቸው። አንደኛው የስም ጉዳይ ነው። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የባለቤቱን ስም በአማርኛም በላቲን ፊደልም ይይዛል። ባንኮች የደንበኛን ስም በላቲን ፊደል ሲመዘግቡ ይህንኑ አጻጻፍ ሳይለውጡ ቢወስዱና ደንበኛውም ውጭ ላለው ላኪ ይህንኑ ቢሰጥ፣ በአንድ ሆሄ ልዩነት የሚቆሙ ዝውውሮች ሊቀንሱ ይችላሉ። ሁለተኛው የመልስ ፍጥነት ነው። ኮረስፖንደንት ባንክ ስለ ተቀባዩ ጥያቄ ሲልክ መልሱ የሚጠበቀው ከአዲስ አበባ ነው። ተቀባዩ ባንክ ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄዎች ቀነ ገደብ ቢያስቀምጥና ደንበኛው የጎደለውን ሰነድ በአቅራቢያው ባለው ቅርንጫፍ እንዲያቀርብ ቢጠራው፣ እገዳው የሚፈታበት ጊዜ ሊያጥር ይችላል።

8. ማጠቃለያ

ባንኮች የሚያካሂዱት ማጣራት አስፈላጊ ነው። በማጭበርበር የዕድሜ ልክ ቁጠባቸውን ያጡ ሰዎች መኖራቸው ከላይ በተጠቀሰው የ2023 ውሳኔ ውስጥም ታይቷል። ንጹሓንም መታገዳቸው ከስሌቱ ባሕርይ የሚመነጭ በመሆኑ ፈጽሞ ሊቀር አይችልም። ሊቀር የሚችለው ግን መልስ ማጣታቸው ነው። ሕጉ ተጠርጣሪን በተመለከተ ብቻ የደነገገው ዝምታ ተጠቂ ሊሆን ይችላል ተብሎ የተሰጋለትንና ስሙ ብቻ የተመሳሰለበትን ሰው ጭምር መሸፈኑ የሕግ ትእዛዝ ሳይሆን የአሠራር ምቾት ነው። ይህም የቀጠለው ማገድ ለባንኩ ምንም ስለማያስከፍል ነው።

ስለዚህ የማሻሻያው አቅጣጫ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ለአገር ውስጥ ክፍያ የተሰጠው ቀነ ገደብ፣ የማሳወቅ ግዴታና የመዘግየት ወጪን የመሸከም ኃላፊነት ለዓለም አቀፍ ዝውውርም በሚስማማ መልኩ እንዲሰፋ ማድረግ ነው። ሁለተኛው የወንጀል ምርመራን የማይጎዳውን አነስተኛ መልስ ለታገደ ሁሉ መስጠት ነው። ነርሷ ገንዘቡ የት እንደቆመ፣ የትኛውን ሰነድ ማቅረብ እንዳለባትና መልሱ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ብታውቅ፣ ለሆስፒታሉ ደውላ ቀጠሮውን ማዛወር ወይም ሌላ መንገድ መፈለግ ትችል ነበር። እገዳው ባይነሣላት እንኳ እናቷን ለመርዳት የምትወስነው ውሳኔ በእጇ ይቀር ነበር።